ኮት የለበሰ ጆንያ

«አባባ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉ» አለች ምራታቸው፣ የኮታቸውን የመጨረሻ ቁልፍ እየቆለፈች። ጡረተኛው ሹፌር እንደ ሙሽራ ታዘዙ። ጢማቸው ተላጭቷል፣ አረንጓዴው ኮታቸው ተቦርሿል። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ከዚህ ሦስተኛ ፎቅ የወረዱት ለሐኪም ቤት ብቻ ነው። ዛሬ ግን ሰፈሩ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድ አለበት፤ መራመድ ያቃተውን ሰው በቃሬዛ ሜዳ ማውጣት ደግሞ የልምምዱ ዋና ክፍል ነው ተብሏል። በመሬት መንቀጥቀጥ ደስ ያለው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ሜዳው ላይ የድሮ የአውቶብስ ረዳታቸው ይጠብቋቸዋል። አንዱ መሪ ጨብጠው፣ ሌላው በር ላይ ተንጠልጥለው አንድ አውቶብስ ላይ ያረጁ ሰዎች ናቸው። አሁን የረዳቱ ጉልበት ደረጃ አይወጣም፣ የሹፌሩ እግር ደረጃ አይወርድም፤ ከተያዩ ሁለት ዓመት አለፈ። ረዳቱን የዓይን ሞራም ጋርዷቸዋል። ትናንት በስልክ «ያንን አረንጓዴ ኮትህን ልበስ፣ እንዳልስትህ» ብለው ነበር።

ሳይረኑ ጮኸ። ልጃቸው ከማዘጋጃ ቤት ከመጣው አሠልጣኝ ጋር ቃሬዛ ይዞ ገባ። ቃሬዛው ላይ ጆንያ ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ሹፌሩ።

«እርስዎ ነዎት አባት!» አለ አሠልጣኙ ፈገግ ብሎ። «በኪሎዎ ልክ አሸዋ ሞላንበት። መመሪያው በሽተኛ ለልምምድ አይነካም ይላል። ደረጃ ላይ ብንጥልዎትስ?»

«ጣሉኛ! አጥንቱ የኔ አይደለም እንዴ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አሠልጣኙ መመሪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሹፌሩ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አባቱን ከመሸከም የዳነው ልጅ ፊቱ በርቶ ነበር።

«አባዬ፣ ላንተው ብለው እኮ ነው።»

«ለኔ ከሆነ አውጡኝ። ሰው ቀጥሬያለሁ።»

«ሌላ ቀን አመጣልሃለሁ። በሞቴ፣ ሰዓት ይያዝብናል!»

ሌላ ቀን የሚባለውን ቀን ሹፌሩ አሳምረው ያውቁታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመጣ አላዩትም።

አሠልጣኙ ጆንያውን አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ሰው አይሸትም። ፎቶ ይነሣል እኮ… ኮታቸውን ብናለብሰውስ?»

ልጅየው ሚስቱ አሁን የቆለፈቻቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። በትሕትና ነው የፈታው፤ «ይቅርታ አባዬ» እያለ። እጅጌውን ሲስብ ክንዳቸው እምቢ አለ፤ ጎተት አድርጎ አወጣው። «ቶሎ እንመልስልዎታለን» አለች ምራታቸው ወለሉን እያየች። ሲወጡ በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ባዶ ቤት ማለት ነው።

ሹፌሩ በሸሚዝ ቀሩ። ለረዳታቸው ሊደውሉ ስልካቸውን ፈለጉ፤ ከነኮቱ ሄዷል። ደረጃው ላይ «አባባን ቀስ! ጭንቅላታቸውን!» የሚል ጩኸትና ሳቅ ይሰማል። በክርናቸው እየተሳቡ አልጋው ጥግ ካለው መስኮት ደረሱ።

ጆንያውን ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ከረዳቱ ጎን፣ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ረዳቱ አረንጓዴውን ኮት ሲያዩ በከዘራቸው ተነሡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ የሚጨብጣቸው አጡ። ጥቂት ቆሙና እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሹፌሩ የተቀየሟቸው መስሏቸው ነው። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው ጆንያውን ያባብሉት ጀመር። ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ ወደ ደረጃው እየጠቆሙ፣ ሁለት ዓመት ለምን እንዳልመጡ ያስረዱታል።

ሰዉ እየተጠቃቀሰ ከበባቸው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። የሚነግራቸው ጠፋ። የሹፌሩ ልጅ እዚያው ቆሟል፤ ሳቁን በመዳፉ ሸፍኖ።

«ጆንያ ነው! አንተ፣ ጆንያ ነው! እኔ እዚህ ነኝ!» ሹፌሩ የአንገታቸው ደም ሥር እስኪገታተር ጮኹ። የሜዳው ድምፅ ማጉያ ጩኸታቸውን ዋጠው። የሰማቸው በሩ ብቻ ነው፤ ተከፈተና ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ፣ የቀረ ሰው የሚፈልጉ ሁለት ልጃገረዶች ብቅ አሉ።

«ደረሳችሁልኝ ልጆቼ! ውረዱና ለዚያ ሰውዬ ንገሩልኝ፣ ያ ጆንያ ነው በሉት።»

አንደኛዋ በሩ ላይ ያለውን ጠመኔ አየች። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ወጥተዋል።»

«የት ወጣሁ? ይኸው አለሁ!»

«አሁን ከተገኙ ሕንፃው በሙሉ ነጥብ ያጣል። እባክዎ፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ድምፅ አያሰሙ።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«የቀረ ሰው የለም!» አለ ድምፅ ማጉያው። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። አሠልጣኙ ልምምዱ አበቃ ብሎ ወደ ዛፉ ሄደና፣ ረዳቱ ገና እያወሩ፣ ኮቱን ከጆንያው ላይ ገፈፈው።

የታፈነው ሳቅ ሁሉ አንድ ጊዜ ፈነዳ። ረዳቱ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አንዲት ሴት አዘነችላቸውና በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ ትከሻቸውን ይዛም ወደ ሕንፃው አዞረቻቸው። ሹፌሩ በሁለት እጃቸው አውለበለቡ፤ ከመስኮቱ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ረዳቱ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ የተሰጣ ነጭ አንሶላ አገኙና እጃቸውን ለእሱ አነሡ።

ነፋስ አንሶላውን ወዝወዝ አደረገው። የረዳቱ ፊት በደስታ ተፈታ። ይቅር የተባሉ መስሏቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአንሶላው ጎንበስ አሉ።