የሱራፌል ፊደል

ሱራፌል መሰላል ላይ ሆኖ የመጨረሻዋን ፊደል ቀባ። ብርሃነመስቀል ሁርሊንግሃም ሰፈር በሚከፍተው ምግብ ቤት በር ላይ ስሙን በትልቁ እያጻፈ ነበር፤ ፊደሎቹ ወፍራም፣ ጠባብ፣ ጠርዛቸው እንደ ቆርቆሮ የሾለ። ብርሃነመስቀል ከታች መሰላሉን ደግፎ ቀና አለና "ከማታቱ ታክሲ ውስጥም ይነበባል!" አለ በደስታ።

ለምርቃቱ ድፎ ዳቦ ይዛ የመጣችው እማማ ውዴ ግን ባለችበት ቀጥ አለች። የሱራፌልን ፊደል የምታውቀው በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት በሚላኩ የሬሳ ሣጥኖች ላይ ነበር። ዳቦውን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች።

"መቼ ነው የሚሸኘው?" አለች።

"ኧረ እማማ፣ አለሁ እኮ!" ብሎ ሳቀ ብርሃነመስቀል።

ሱራፌል ከመሰላሉ ወረደ። በብርሃነመስቀል አጠገብ ሳያየው አልፎ ሄዶ የእማማ ውዴን እጅ ያዘ።

"እግዜር ያጽናን እማማ" አላት። "ቀለሙ እንደደረቀ ይሸኛል።"