ከእንቁጣጣሽ ቄጤማ በታች

ቤት መጥረግ በሕግ ከተከለከለ ዓመታት አልፈዋል፤ አቧራ ማስረጃ ነዋ። የጎረቤታችን የእትዬ ዘርፌ የመስቀል ዶሮ ጠፍቶ ወንድሜን ባዩን ሌባ ስላሉት፣ መርማሪዋ ሳሎናችንን በማንኪያና በብሩሽ እየቆፈረች ነው። የዶሮ ላባ ከተገኘ ባዩ መታሰሩ ነው።

ላባ ተገኘ።

«ይኸው፣ አላልኩም?» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ይቆዩ እስቲ እናቴ፣» አለች መርማሪዋ፤ «ላባው ያለው ለእንቁጣጣሽ ከተጎዘጎዘው ቄጤማ በታች ነው። የእርስዎ ዶሮ የተገዛው ደግሞ ከእንቁጣጣሽ በኋላ።»

«የፋሲካ ዶሯችን ነዋ፣» አልኩ። «የእርስዎ ኮብልሎ ይሆናል፣ እትዬ።»

እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ባዩ በደስታ ሲዘል አናቱ ከኮርኒሱ ጋር ተላተመ። ረስቶት ነው እንጂ፣ ያልተጠረገ ወለል በየዓመቱ ከፍ ስለሚል፣ በሰፈራችን ሰው ደስ ሲለው ቁጭ ብሎ ነው የሚጨፍረው።