አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ

ባሏ የሞተው በሳንባ ነቀርሳው አልነበረም፤ የበሽታው ኪኒን ጉበቱን ጨርሶት ነው። ቢጫ ዓይኖቹ ዛሬም ፊቷ ላይ ድቅን ይሉባታል።

ያው በሽታ ጎረምሳ ልጇን ደርበውን ሲይዘው፣ ጠዋት ጠዋት በኪኒኑ ላይ አንድ ማንኪያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ታስከትልለት ጀመር።

«ጉበትህን ይጠብቅልሃል፣ የኔ ዓለም።»

ዛሬ ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ግራ ተጋባ። «እናቴ፣ ጉበቱ ንጹሕ ነው፤ ጭራሽ መድኃኒት የነካው አይመስልም። ሳሉ ለምን እንደባሰ ግን አልገባኝም።»

እሷ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ፈጣሪዋን እያመሰገነች ቤት ገብታ ልጇን አስተኛችው። ትራሱን ልታመቻችለት ስታነሳ ከቀዳዳው ኪኒኖች ዝርግፍ አሉ። ሁሉም ጥቁር አዝሙድ ይሸታሉ።

ደርበው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የአባባን ዓይን እኮ እኔም አይቼዋለሁ፣ እማዬ።»