የዘርፌ አውራ ዶሮ

ሰው የታነቀ መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ጎረቤቴ ዘርፌ ግን አውራ ዶሮዋን ታቅፋ ትስቃለች።

«እሱ ነው የጮኸው?»

ከተማው የሚያድለው መኖ ዶሮን ሁሉ ድዳ ካደረገ ወዲህ ዶሮ ሲጮኽ ሰምተን አናውቅም።

«መኖውን ትቼ ምስጥና ጎመን አበላሁት» አለች።

«እኔ ሽሮ እየበላሁ እሱ ሥጋ? ደንብ አስከባሪ ሳይሰማና ሳይወስደው መኖውን መልሺለት።»

በሩ ተከፈተ። እርሻቸው ላይ ይህ ሁሉ ፎቅ ከተሠራ ጀምሮ ከአልጋ ያልወረዱት አባቷ አያ ደምለው፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ።

«ነግቷል። በሬዎቹን ፍቱልኝ።»

ዘርፌ ዶሮውን ጠበቅ አደረገችው። እሱም ደግሞ ጮኸ። አዛውንቱ ጆሯቸውን ወደ ሰፈሩ አዘነበሉ። በየቤታችን አውራ ዶሮ አለ፤ አንድም አልመለሰም።

«የጎረቤቶቹ ምነው ዝም አሉ?»

ዘርፌ እኔን እያየች፣ «ጠግበው ነው፣ አባባ» አለች።