ሦስት ጊዜ የተነቀለው ሶኬት

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ራጆች የሚቀመጡበት የሊኑክስ ሰርቨር ፋይሎቹን ኤክስቲ ፎር በተባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት እንዲይዝ አጥብቃ ተከራክራ ነበር፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የታካሚ ምስል አብሮ እንዳይጠፋ። አለቃዋ ወንድይፍራው ግን ፈጣኑ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላው ሥርዓት ነው ብሎ እሱን አስጫነ። "እህቴ፣ ያንቺ ኤሊ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ፈረስ!" ብሎ ስብሰባውን አሳቀባት። በማግስቱም ከሰርቨር ክፍል አውጥቶ ፕሪንተር ጥገና ላይ መደባት።

ዓመት ሙሉ ቂሟን ይዛ ቆየች። በመጨረሻ የሆስፒታሉን ኃላፊ ዶክተር አዜብን ለምና መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሙከራ አስፈቀደች። የምስሎቹ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ስላለ ከወንድይፍራው በቀር የሚጎዳ ሰው አልነበረም።

ዶክተር አዜብና ወንድይፍራው ባሉበት፣ ሰርቨሩ ምስል እየጻፈ ሳለ ሶኬቱን በገዛ እጇ ነቀለችው።

"አሁን ይዩልኝ ዶክተር፣ ፈረሱ እንዴት እንደሚንኮታኮት!"

ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ አንድም ምስል አልጎደለም። ደግማ ነቀለችው፤ ደግሞ በሰላም ተነሳ። ሦስተኛ ጊዜ ነቀለችው። አሁንም ሁሉም በቦታው ነው።

"ይበቃል የኔ ልጅ" አሉ ዶክተር አዜብ። "የወንድይፍራው ምርጫ ምን ጎደለው?"

"ዕድል ነው እንጂ የማይረባ ነው!" ብላ ጮኸች። "አውጥታችሁ ጣሉት! ይህን የመረጠ ሰው አለቃ ሊሆን አይገባውም!"

ወንድይፍራው አንገቱን ደፋ።

"የእኔ ምርጫ አይደለም ዶክተር" አለ። "ክረምቱ ሲገባ የመብራቱ መጥፋት ቢያስፈራኝ፣ ለማንም ሳልናገር ሰርቨሩን በእሷ ምርጫ፣ በኤክስቲ ፎር ቀየርኩት። ልክ ነበርሽ ማለት ከብዶኝ ነው።"