አረፋ

አባት የረጨው የተባይ መድኃኒት የገደላቸውን ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት፣ ክሽክሾቹን፣ ከጽጌረዳው ቅጠል ጀርባ በኩራት አይቶ ቀና ሲል፣ ትንሿ ልጁ የመርጫውን አፍንጫ እንደ ጡጦ ትጠባ ነበር። በአፏ ነጭ አረፋ ደፍቃለች።

ብድግ አድርጎ አቀፋት፤ አፏን በመዳፉ ቢጠርግ ቢጠርግ አረፋው አላልቅ አለ። «እማዬ፣ ልጄ መርዝ ጠጣች» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

እናቱ ከጓዳ ሮጠው ወጡ። የልጅቱን አፍ አሸተቱና ትከሻቸው ረገብ አለ። «ሳሙና ነው፣ አንተ። ልጅ ባለበት ቤት መርዝ አይቀመጥም ብዬ መድኃኒቱን ለሻጩ መለስኩትና መርጫው ውስጥ የሳሙና ውሃ ሞላሁበት።»

«ክሽክሾቹን ታዲያ ምን ገደላቸው?»

«ሳምንቱን ሙሉ ስታወድስልኝ የሰነበትከው ሳሙና ነዋ።»

ልጅቱ አንዴ አስነጠሰችና እጇን እንደገና ወደ መርጫው ዘረጋች። እሱ ግን እስኪመሽ ድረስ ከእቅፉ አላወረዳትም።