የመግቢያ ወረቀት

አዲሷ ርእሰ መምህርት በመጀመሪያው ሳምንት ለአርባ ሦስት ችግረኛ ተማሪዎች የደንብ ልብስ አሰፋች። ቀጥሎ ደብተር መጣ፤ በወሩ ምሳ ተጀመረ። ወላጅ ሁሉ መረቃት። እሷ ግን ስንት ዘመን ሙሉ ያሰበችውን ነገር ገና አላደረገችም።

ያሰበችው ዘበኛውን ማባረር ነው።

ሽማግሌው ያንን በር ከያዙ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስድስት መቶውን ልጅ በመልክ ይለያሉ። የስም ዝርዝር ቢሰጧቸው አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል እንጂ ዞር ብለው አያዩትም። መምህራኑ «የሳቸው ጭንቅላት መዝገብ ነው» ሲሉ በሰማች ቁጥር አንጀቷ እርር ይላል። በአፏ «አባባ» ትላቸዋለች፤ በልቧ ግን አንድም ቀን አንቱ ብላቸው አታውቅም።

ያኔ በዚሁ ትምህርት ቤት የምትማር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከሰኞ ጀምሮ ያለ ደንብ ልብስ የሚመጣ ተማሪ አይገባም ተባለ። እናቷ መግዣ እንደሌላት ያወቀው የያኔው ዳይሬክተር፣ ዓርብ ዕለት «ይህች ልጅ እንዳለች ትግባ» ብሎ በእጁ ጽፎ ሰጣት። በማግስቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች መጣች። ዘበኛው ተቀብለው አየት አደረጉና መለሱላት።

«ያለ ደንብ ልብስ አይገባም። ትእዛዝ ነው።»

ማክሰኞም ያው፣ ረቡዕም ያው። የጎረቤቷን ልጅ ግን እናቷ መጥታ ሁለት ቃል ብታናግራቸው ወዲያው አስገቧት። የእሷ እናት ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ታጥባለች፤ በምን ጊዜዋ ትምጣ? ወረቀቱ በላብ ራሰና ተቀደደ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቷ ጋር ስታጥብ ከረመች። እያነበበ፣ እያወቀ ከለከለኝ! ይህን አንድ ቀን እንኳ አልረሳችም።

ዛሬ ቢሮዋ አስጠራቻቸው። የስንብት ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ አልተወችም፤ በገዛ እጇ፣ በትልልቁ ጻፈችው። ከግርጌው ማህተሙን ደቅ አድርጋ መታች። እያነበቡ ፊታቸው ሲለዋወጥ ቁጭ ብላ ማየት ነው የፈለገችው።

«አባባ፣ እዚሁ ፊቴ ያንብቡት።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ፊታቸው ቅንጣት አልተለወጠም። አይ ድፍረት! ያኔም እንዲሁ ነበር ያዩት።

«ጨረሱ?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ገባዎት?»

«ገብቶኛል። ትእዛዝ ነው።»

አልለመኗት፣ አላለቀሱላት። በሩን ራሷ ከፍታ ልታስወጣቸው ብድግ አለች። በጀርባቸው ስታልፍ ዓይኗ አሁንም በሁለት እጃቸው ዘርግተው በያዙት ደብዳቤ ላይ አረፈ።

ማህተሙ ከላይ ነበር።